ከ«እሳቸው» ወደ «እሱ»

ሚስቴ ሰውየውን ሦስት ወር ሙሉ «እሳቸው» ስትል ቆየች። አንድ ማክሰኞ ግን ጫማዋን እያወለቀች «እሱ እኮ በሰባ አንድ ዓመቱ በአንድ እግሩ ቆሞ ሃያ ይቆጥራል» አለችኝ። ከ«እሳቸው» ወደ «እሱ» የሚወስደውን መንገድ አውቀዋለሁ። ከአርባ ዓመት በፊት እኔም በዚያው ነው የመጣሁት።

ሰውየው ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት በጤና ጣቢያው አዳራሽ አዛውንቶችን ስፖርት ያሠራል። ዕድሜ ልኩን በእግሩ ሲዞር ስለኖረ ጉልበቱ ዛሬም አልከዳውም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ከስፌት መኪና ጋር ተፋጥጬ የጨረስኩ ልብስ ሰፊ ነኝ።

«ና አብረን እንሂድ» ትለኝ ነበር። «ፈረስ ነኝ እንዴ የምጋልበው?» እላታለሁ። አምና መታጠቢያ ቤት ከወደቅኩ ወዲህ ስለ ጉልበቴ ሲወራ ደስ አይለኝም። የዚያ ቀን ነገር ቤታችን ውስጥ እንዳይነሳ የከለከልኩትም እኔ ነኝ።

ሰማያዊ ቀሚሷን አምጥታ «ወገቡ ሰፋኝ፣ አጥብብልኝ» እስክትለኝ ድረስ ሁሉን ችዬ ነበር። ለካሁት፤ ሁለት ጣት ሰፍቷል። ሌላ ሰው እንዲያየው የሚስቴን ወገብ በገዛ እጄ አጠበብኩ፤ ሦስት ጊዜም ጣቴን ወጋሁ።

«ስትሠሩ ዝም ብላችሁ ነው?» አልኳት።

«ኧረ እያወራን ነው። መናገር ካቃተሽ አብዝተሻል ማለት ነው፣ ቀንሺ ይለናል።»

ወሬም አለበት ለካ። ለቀናተኛ ሆዴ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ሆነ።

ሐሙስ ተከተልኳት። ሌሎቹ ተራ በተራ ሲወጡ እሷ ቀረች። በመስኮት አጮልቄ አየሁ። ፖስተኛው ወለሉ ላይ በጎኑ ተጋድሟል፤ ሚስቴ አጠገቡ ተንበርክካ፣ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ «አይዞህ መርፌዬ፣ አትቸኩል» ትለዋለች።

መርፌዬ የእኔ ስም ነው። ክሳቴንና ሙያዬን አንድ ላይ አድርጋ ያወጣችልኝ፣ ከመኝታ ቤታችን ውጭ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ስም። ቅናቱ ዓይኔን ጋረደው። በሩን በእርግጫ ልለው ፈለግኩና ጉልበቴን ፈርቼ በእጄ ገፋሁት።

«ስፖርቱ ይሄ ነው?» አልኩ።

ፖስተኛው ከተጋደመበት ቀና ብሎ «እንኳን መጡ» አለ። «እርስዎን ሆኜ ስወድቅ ወገቤ ሊቆረጥ ነው።»

እሷ አልደነገጠችም። «ስትወድቅ እንዴት እንደማነሳህ እያስተማረኝ ነው። አንተን ሆኖ የሚወድቀውን ሰው አንቱ ልበለው?»

«አምና ስወድቅ አብረሽኝ ነበርሽ እኮ» አልኩ።

«አብሬህ የተኛሁት ማንሳት ቢያቅተኝ ነው» አለች።

ያን ጠዋት ጎረቤት እስኪደርስ ድረስ፣ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን ተኝተን ነበር። እኔ ፍቅር ነው ብዬ ይዤዋለሁ። በቅናት ስንገበገብ የከረምኩበትን ሦስት ወር የተጽናናሁት እሱን እያስታወስኩ ነው።

«ሰው አይጎተትም» አለ ፖስተኛው። «መጀመሪያ የተጎዳ ነገር እንዳለ ይጠየቃል። ካለ ሳይነካ እርዳታ ይጠራል። ከሌለ ወንበር ይቀርብለታል፤ ተንበርክኮ፣ ወንበሩን ተደግፎ፣ ራሱ ይነሳል። ይሞክሩት።»

እምቢ ብል መሳቂያ መሆኔ ነው፤ ተኛሁ። ሚስቴ ወንበሩን አቀረበችልኝ። እያለከለክሁ ተነስቼ ተቀመጥኩበት።

«እስቲ ተናገር» አለችኝ።

መናገር አቃተኝ።

«በቃ፣ ትንፋሽህን ሰብስብ» አለች። ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቀችኝ። ከዚያ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ አለችና ያጠበብኩትን ቀሚስ ሰብስባ ወለሉ ላይ ተጋደመች። «አሁን ደግሞ እኔ ወደቅኩ።»

በዚህ ሁሉ ዓመት እሷ ስትወድቅ አንድም ቀን ታስቦኝ አያውቅም። ስትሄድብኝ እንጂ ስትወድቅ አልታየኝም። ብድግ አልኩ። ፖስተኛው ወንበሩን ሊያነሳልኝ ጎንበስ አለ።

«ተወው፣ እኔ እወስደዋለሁ» አልኩት፣ አንቱታውን ረስቼ።

«አትቸኩል መርፌዬ» አለችኝ ከወለሉ።