የቧንቧው ዘፈን

ወንድሜ የሞተ ዕለት ቤታችን በሰው ሞላ፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ግን ቀልዱን ነበር። አንዱ «ያቺን የቤት አከራይዋን ዘፈን ታስታውሷታላችሁ?» ይላል፤ ሌላው ከአፉ ነጥቆ ያንጎራጉራታል፤ ከዚያ ሁለቱም ደንግጠው አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ታያቸዋለች።

በመጨረሻ «የሞተው ልጄ ነው ወይስ ካሴት?» አለች።

ወንድሜን ሰው የሚያውቀው ካርቦን በሚል ቅጽል ስም ነው፤ የማንንም ድምፅ እንደ ካርቦን ወረቀት ስለሚገለብጥ። ሥራው በየቤቱ እየዞሩ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነበር። ከሥራ መልስ ደግሞ ሰው የሚወደውን ዘፈን ይዞ፣ ዜማውን ሳይነካ ቃሉን ለቀልድ ይለውጠዋል። አንድ አልበም አወጣ፤ ተወደደለት፤ አከታትሎ ሌሎች አወጣ። የሚቀዳው እኔ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ገብቶ በካፖርቶቼ መሃል ይቆማል፤ ካፖርት የገደል ማሚቶ ይውጣል ይላል። ድምፁን የሚቀዳለት ጓደኛው፣ ቀጂው የምንለው፣ ማሽኑን ይዞ አልጋዬ ላይ ይቀመጣል። ካርቦን ሲዘፍን ፈገግ እንኳን አይልም። «ዘፋኙ ያለቀሰበት ላይ አልቅስ፣ የተነፈሰበት ላይ ተንፍስ። ቃሉን ብቻ አውልቀህ ሌላ አልብሰው» ይል ነበር።

እናቴ ከአልበሞቹ አንዱንም ሰምታ አታውቅም። ገና የመጀመሪያው ሲወጣ «ልጄ የሰው መሳቂያ ሲሆን በጆሮዬ አልሰማም» አለች፤ ቃሏንም ጠበቀች። ታክሲ ውስጥ ከተከፈተ እንኳን ወርዳ በእግሯ ትሄዳለች። ካርቦንም አላስቸገራት። እሷ ፊት ቆጣሪ አንባቢ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጠራችኝ።

«ስሚኝ፤ ነገ ስንቀብረው አንድም ሰው እንዳይስቅ። ልጄ አንዴ እንኳን በወጉ ይለቀስለት። ያቺ ዘፋኝ ለባሏ ያለቀሰችበት ዘፈን አለ አይደል? ድሮ በሬዲዮ ሲመጣ አንጀቴን የሚበላው። እሷን ለምነሽ አምጪልኝ።»

ክው አልኩ። ዘፋኟ እንዲህ ነበር ያለችው፦

ሳትሰናበተኝ በሩን ሳትዘጋው፣
ወጥተህ ሄድክና ልቤን ብርድ ወጋው።

ካርቦን ይህንን ወስዶ፣ ሥራውን ሳይጨርስ ለጠፋ የቧንቧ ሠራተኛ አደረገው፦

ሳትሰናበተኝ ቧንቧ ሳትዘጋው፣
ወጥተህ ሄድክና ዋኘልህ አልጋው።

ከአልበሞቹ ሁሉ የገነነው እሱ ነው። ከተማው በሙሉ ያውቀዋል፤ እናቴ ብቻ አታውቀውም። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ልበላት? ገና ሳይቀበር፣ ልጅሽ በሰው ለቅሶ ቀልዷል ልበላት? «እሺ እማዬ» ብዬ ወጣሁ።

ዘፋኟ ዘፈን ትታ መጋረጃ ነው የምትሸጠው። እምቢ እንድትለኝ እየጸለይኩ ሱቋ ስገባ መሰላል ላይ ቆማ ናሙና ትሰቅል ነበር።

«የካርቦን እህት ነኝ» አልኳት።

«ሰማሁ። ነፍሱን ይማረው» አለች ሳትወርድ።

የእናቴን ልመና ነገርኳት። ቀስ ብላ ወረደችና የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠች።

«እናትሽ ያንን ነገር ሰምታዋለች?»

«አልሰማችም።»

«ነግረሻታል?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ጉድ ነው!» አለች። «እሱ ካወጣው ወዲህ አንዴ መድረክ ላይ ወጥቼ ነበር። ገና አፌን ስከፍት ከኋላ አንዱ ‹አልጋው!› ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባሌን ሁለተኛ የቀበርኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ይኸው፣ መጋረጃ።»

«ይቅርታ ጠይቆዎት ያውቃል?»

«አንድ ቀን ቆጣሪ ሊያነብ እዚህ መጥቶ ነበር። አነበበና ሄደ። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም።»

በእሱ ፈንታ ፊቴ እሳት ሆነ። ቀልደኛ ነው፣ ማንንም አይጎዳም ስንል ነው የኖርነው።

«ይቅር በቃ። እናቴን አሟቸዋል እላታለሁ» አልኳት።

«አይሆንም፣ እመጣለሁ። ልጅ የሞተባት እናት ስትለምን እምቢ አይባልም።» የተቀመጠችበትን ጨርቅ በእጇ ዳበሰችው። «እኔም አንዴ በወጉ ልዝፈነው። ግን ሳቅ ከሰማሁ አቆማለሁ፤ ደግሜም አልጀምርም። ሰዎቻችሁን ያዙልኝ።»

ስወጣ በቀጥታ የሄድኩት ቀጂው ጋ ነው።

«እሷ ራሷ? ያንን ዘፈን?» አለኝ።

«አዎ። ብትስቅ እገድልሃለሁ።»

«ኧረ እህቴ፣ እኔ ምን ጥርስ አለኝ ዛሬ! ይልቅ የመሥሪያ ቤቱን ልጆች ፍሪ። እነሱ ቆጣሪ ሲያነቡም እሱን ነው የሚያንጎራጉሩት።»

የመሥሪያ ቤቱንም ልጆች፣ ጎረቤቶቹንም፣ የአክስቴንም ልጆች እየዞርኩ ለመንኩ። ሁሉም በእናታቸው ማሉልኝ።

የቀብሩ ቀን የመቃብር ግቢው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። የሬሳ ሳጥኑ ፊት ለፊት ነው። እናቴ ከፊት ተቀምጣለች፤ እኔ አጠገቧ ነኝ። ዘፋኟ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ያለምንም መሣሪያ ቆመች። ድምፅዋ ካለመዝፈን ብዛት ሻክሯል፤ ግን እሷው ነበረች።

«ሳትሰናበተኝ…» አለችና ትንፋሽ ወሰደች።

ያንን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። ካርቦን ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆሞ እስኪዋጣለት ደጋግሞ የተለማመደው ትንፋሽ ነው። አዳራሹ በሙሉ ቀጣዩን ቃል ሲጠብቅ ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ። ጥርሴን ነከስኩ። «በሩን ሳትዘጋው» አለች፤ ኮሽ የለም። አለፈ ብዬ እፎይ ልል ስል «ወጥተህ ሄድክና…» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ፤ ልክ እሱ እንደሚሰብረው።

መጀመሪያ የሳቀው ቀጂው አይደለም። የመሥሪያ ቤቱም ልጆች አይደሉም። እኔ ነኝ። በአፍንጫዬ ነው ያመለጠኝ፣ እንደ ማስነጠስ። ከዚያ ከኋላዬ አንዱ ፈነዳ፤ ሌላው ተከተለ፤ አዳራሹ ተናወጠ። የሚስቁት እያለቀሱ ነው፤ ግን ሳቅ ሳቅ ነው።

ዘፋኟ አቆመች።

እናቴ ዞራ ያየችው እኔን ነው። «ምንድን ነው?» አለች። «ምንድን ነው የሚያስቀው? አንቺ፣ ንገሪኝ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁለቱን ስንኞች፣ ዜማ ሳልጨምር፣ በሹክሹክታ ነገርኳት። ከንፈሯ «አልጋው» የምትለዋን ቃል ደገመ። ዘፋኟን አየች፤ ሳጥኑን አየች። ከዚያ ተነስታ ወደ ዘፋኟ ሄደች።

«እህቴ፣ ልጄ ይቅርታ ሳይጠይቅሽ ሄዷል። እኔ ልጠይቅሽ።»

«ይቅር ብያለሁ። ግን አልዘፍነውም» አለች ዘፋኟ። ትታን ትወጣለች ስል መጨረሻው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

እናቴ ወደ ሰዉ ዞረች። «እሺ፣ ይህን ዘፈን የሚጨርስልኝ ሰው የለም? አንድ ሰው?»

«ልቤን ብርድ ወጋው» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ስንኝ ከጭንቅላቴ ውስጥ ፈለግኩት። ያገኘሁት የቧንቧ ሠራተኛውን ነው። ቀጂውን አየሁት፤ ራሱን ነቀነቀ። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ደፍቷል። የካርቦንን እስከ መጨረሻዋ ቃል እናውቃለን፤ የእሷን ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

ወንድሜን በዝምታ ቀበርነው። መቃብሩ ላይ የሳቀ የለም።

ስንመለስ የተኮናተርነው መኪና ውስጥ ከእናቴ ጋር ከኋላ ተቀመጥን። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «ቀጥሎስ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የእሱ። የቧንቧው።»

«እማዬ፣ ዛሬ ይቅር።»

«ይቅር ስል አይደል የኖርኩት? በይ።»

አልዘፈንኩትም፤ እንደሚነበብ ነገር አልኩት፦

«መፍቻህ እዚህ ነው፣ አንተ የለህም፣
በዋና ግባ፣ ጎርፍ አይወስድህም።»

የሾፌሩ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሳል አስመስሎ ሊውጠው ሞከረ፤ በመስታወቱ ከእናቴ ጋር ዓይን ለዓይን ሲጋጩ «ይቅርታ እናቴ፣ አመለጠኝ» አለ። ወደ እኔ ዞረች።

«‹አንተ የለህም› ነው ያለው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ድገሚው።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ደገምኩላት።