ያረፈ እጅ

የግራ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ አልተነሣም። አለቃ ሙላት ይህን ያስተዋሉት ሦስተኛውን መስመር ከጨረሱ በኋላ ነው። ብዕሩን ከቀለሙ ቀንድ አፍ ላይ እንደያዙ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ትኩር ብለው አዩት።

ያ እጅ አምና ዕረፍት አያውቅም ነበር። ጉበታቸው ከታመመ ወዲህ ማሳከኩ ከመዳፋቸው ተነሥቶ ገላቸውን ሁሉ ያዳርሳል፤ ብራና በሚፍቁበት ስለት ጀርባ የራሳቸውን ክንድ ሲፍቁ ሚስታቸው የብርጓል አይታ አልቅሳለች። ጠበሉንም ቅባቱንም ሞከሩት። ደብሩ ያዘዛቸው መጽሐፍ አንድ ቅጠል ብራና ሲቀረው እጃቸው ከዳቸው፤ ፊደል መሐል ብዕር ጥለው ማከክ ሆነ ሥራቸው። ቄሰ ገበዝ አበባው በለዘበ ቃል፣ የቀረውን ሌላ ጸሐፊ ቢጨርሰውስ አሏቸው። አለቃ ያን ዕለት እህል አልቀመሱም። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ቄሱ መጥተው መጽሐፉን፣ አለቀም አላለቀም፣ ሊወስዱት ነው።

ሐኪም ዘንድ የወሰደቻቸው ደብረ ማርቆስ ፋርማሲ የተማረችው ልጃቸው አይናለም ናት። ሲመለሱ በሚኒባሱ ውስጥ አስረዳቻቸው፦ ጉበት ሲታወክ ሰውነት ራሱ የሚሠራው የሕመም ማስታገሻ ይበዛል፤ ነርቭ ላይ ባለው በሩ ሲገባም ማሳከኩን ይቀሰቅሳል፤ ሐኪሙ ያዘዘው ኪኒን ያንን በር ቀድሞ ይይዘዋል።

«ማሳከኩ ከቆዳዎ አይደለም፣ አባየ።»

«አርባ ዓመት ቆዳ ስፍቅ ለኖርኩት ለእኔ፣ አንቺ ነሽ ስለ ቆዳ የምትነግሪኝ?»

«እኔ ነኝ» አለች ዓይኗን ሳትሰብር።

ኪኒኑን የጀመሩት እንደተቆጡ ነው። መጀመሪያ አቅለሸለሻቸው። በሁለተኛው ሳምንት ማሳከኩ ሸሸ፤ እሳቸው ግን አላመኑትም። ብራና ላይ ሳይፈተን ምኑ ይታመናል?

ዘጠነኛው መስመር ላይ መዳፋቸውን አንዳች ነገር ጫር አደረጋቸው። ብዕሩን አንሥተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁት። ተከታይ አልነበረውም። ቀጠሉ።

ቄሰ ገበዝ ሲደርሱ የመጨረሻው መስመር ገና እርጥብ ነበር። ጎንበስ ብለው እያነበቡ ከመጽሐፉ መዝጊያ ደረሱ፤ የአሠሪውና የጸሐፊው ስም በሚሰፍርበት ቦታ ሦስተኛ ስም አገኙ።

«ይቺ ወለተ ኪዳን ማን ናት?»

አለቃ ቀና አሉ።

«ልጄ አይናለም ናት። ከእኔ ይልቅ ቆዳ የምታውቅ።»

ቄሱ ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለው፣ ተሳስቶ የተፋቀ ፊደል ምልክት ከላይ እስከ ታች ፈለጉ። አለቃም የግራ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ እንዳረፈ፣ ፈልገው እስኪጨርሱ ጠበቋቸው።