ሲሞን እንድትሳሳት የተጠራው ስብሰባ

በብሩክሊን የሚኖሩ አራት ነጭ ወጣት ሴቶችን የሚያሳየው ተከታታይ ድራማ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲተላለፍ፣ ከአራቱ አንዷም ጥቁር ሰው አጋጥሟት አያውቅም ነበር፤ መንገድ ስትሻገር እንኳን። ጋዜጦች ይህን ሲጽፉ የድራማው ደራሲ ማሎሪ ደነገጠችና ኬቱራ ባፕቲስትን ቀጠረች። ኬቱራ እዚያው ብሩክሊን፣ ፍላትቡሽ ሰፈር ተወልዳ ያደገች የሃያ ስድስት ዓመት ጥቁር ተዋናይት ናት።

የተሰጣት ሲሞን የምትባል አምስተኛ ጓደኛ ሆና መጫወት ነበር። ሲሞን አራቱ ሲላቀሱ ከች ትላለች፤ አንድ ምክር ጣል ታደርግና ውልቅ ትላለች።

«ቆይ፣ ሲሞን የት ነው የምትኖረው?» አለች ኬቱራ አንድ ቀን።

ማሎሪ ወረቀቷን አገላበጠች። «እዚሁ አካባቢ።»

«ከዚህ ስትወጣስ ወዴት ትሄዳለች?»

«ወደ በሩ።»

«ማሎሪ፣ አራቱ ይሰክራሉ፣ ይዋሻሉ፣ የሰው ባል ይነጥቃሉ። ለእኔም አንድ ጥፋት ስጪኝ እንጂ! ትንሽዬ።»

ማሎሪ እያለቀሰች እሺ አለች። በማግስቱ ዘጠኝ የድራማው ሰዎች፣ ሁሉም ነጮች፣ ለሲሞን አንድ ጥፋት ሊመርጡ ለስብሰባ ተቀመጡ። ሲሞን ታርፍድ? አይሆንም፣ ጥቁሮች ያረፍዳሉ አላችሁ እንባላለን። ትቆጣ? «እንዳታስቡት!» አሉ ሦስቱ ባንድ አፍ። ታልቅስ? ተመልካች ይሳቀቃል። ምግብ ትስረቅ ያለው ሰውዬ ማንም ሳይናገረው ይቅርታ ጠይቆ ክፍሉን ለቆ ወጣ። ከአራት ሰዓት ክርክር በኋላ ሲሞን አንድ ብርጭቆ ውሃ እንድትደፋ ተፈቀደ። ከምሳ መልስ ግን ውሳኔው ተሻሻለ፤ ውሃውን ነፋስ ይድፋው ተባለ።

በቀረጻው ዕለት የበር ቁመት ያለው ማራገቢያ መጣ። ብርጭቆው ንቅንቅ አላለም፤ የዋናዋ ተዋናይት የብሪያ ዊግ ግን ተነቅሎ መብራቱ ላይ ተንጠለጠለ። ያን ጊዜ የኬቱራ ትዕግሥት አለቀ። ካሜራው ሳይጠፋ ሶፋው ላይ ከነጫማዋ ጋደም አለችና ጽሑፉ ላይ የሌለ ነገር ለብሪያ ተናገረች።

«ስሚ፣ የልደት ኬክሽን የበላሁት እኔ ነኝ። ድመትሽንም በር ከፍቼ የለቀቅኳት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አለች ብሪያ፣ የእውነት ግራ ገብቷት።

«እኔ እንጃ። ደበረኝ።»

የቀረጻው ሠራተኛ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ማሎሪ «ይሄ ነው! ሰው ማለት ይሄ ነው!» እያለች አለቀሰች።

ሳምንት ሳይሞላ ትዕይንቱ እንደገና ተጻፈ። ኬኩን የበላችውም ድመቷን የለቀቀችውም ብሪያ ሆነች። ለዚሁ ሲባል ለሲሞን ቤትም ድመትም ተሰጣት። የኬቱራ ድርሻ «ይቅር ብዬሻለሁ» ማለት ብቻ ሆነ።

«ስምሽ እንዳይጠፋ ብለን ነው፣ ውዴ» አለቻት ማሎሪ።

ካሜራው ተከፈተ። «ይቅር በይኝ» አለች ብሪያ እያነባች።

«አልልም» አለች ኬቱራ።

አሥራ ሰባት ጊዜ ቀረጹ፤ አሥራ ሰባት ጊዜ «አልልም»። በመጨረሻ «ይቅር ብዬሻለሁ» የሚለውን በሌላ ሴት ድምፅ ሞሉት። ብሪያ በዚያ ትዕይንት ተሸለመች።

ኬቱራ ሥራውን ለቃ ፍላትቡሽ ባለ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የራሷን ቲያትር አዘጋጀች። አምስት ጥቁር ወጣት ሴቶች ነበሩበት፤ አምስቱም አስቸጋሪ። በመክፈቻው ቀን አክስቷ ቨርና ባርኔጣዋን እያስተካከለች፣ ፊቷን አጨፍግጋ ወጣች።

«ከአምስት አንዲት ጨዋ ልጅ ትጥፋ? ምን ዓይነት ባለጌዎች ናቸው!»

«አልወደድሻቸውም፣ አክስቴ?»

ቨርና ዞር ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያቺ ውሸታሟ… ነገም ትጫወታለች?»