ግድግዳ ላይ የወጣው ረቂቅ

የጽሑፍ ማዕከሉ ኃላፊ ግቢው ውስጥ «እመት ረቂቅ» ነበር የምትባለው። ተማሪ የመጀመሪያውን ረቂቅ በእስክሪብቶ፣ በገዛ እጁ ጽፎ ካላመጣ ወይ ፍንክች፤ በኮምፒውተር ጽፎ የመጣውን ከበር ትመልሰዋለች። ሕጉ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አልልም፤ ብቻ ዓመቱን ሙሉ ዝንብ ስታባርር ከረመች። ጎበዙ «እዚያ የሚገባው ሰነፍ ነው» ብሎ ያልፋል፣ ሰነፉ ደግሞ ማን አየኝ ብሎ ይሸሻል።

አንድ ቀን ዲኑ ጠራትና ቁርጡን ነገራት። እስከ ፈተናው ሳምንት መቶ ተማሪ ካልተመዘገበ ክፍሉ የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ይህን ክፍል ስድስት ዓመት ደጅ ጠንታ ነው ያገኘችው። ወንበሮቹን ከየቢሮው ለምና፣ የተሰበረ እግራቸውን አስበይዳ ነው ያስገባችው። ያን ዕለት ቤቷ ገብታ አለቀሰች።

ማስተዋወቅ ጀመረች። በራሪ ወረቀት በተነች፤ ተማሪው ወንበር ጠረገበት። በየክፍሉ እየዞረች አምስት አምስት ደቂቃ ለምና ተናገረች፤ ተማሪው ሰዓቱን አየ። በመጨረሻ ሰው በዓይኑ ካላየ አያምንም አለችና «በፊት» እና «በኋላ» ብሎ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን የሚያሳይ ትልቅ ፖስተር ልትሠራ ቆረጠች።

ማስረጃው እጇ ላይ ነበር። ከማዕከሉ የማትጠፋ አንዲት ዝምተኛ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። እናቷ የዚያው ግቢ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ልጅቱ ግን ይህን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ለእመት ረቂቅ ብቻ ጻፈችላት። ረቂቁ እንዲህ ይጀምራል፦ «ኮሪደር ላይ ስንገናኝ እንደማንተዋወቅ እንተላለፋለን። እሷ እንዳላፍር ብላ ነው፤ እኔ ግን ስለማፍር ነው።» እመት ረቂቅ ይህን ስታነብ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ስድስት ጊዜ አብረው አርመውታል።

ስሟን በነጭ ማጥፊያ ሸፍና፣ የእጅ ጽሑፉን ከነቀይ እርማቱ ከመጨረሻው ቅጂ ጎን አሳትማ በማዕከሉ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ቀኑ ዓርብ ነበር። ዛሬ ይለጠፍ፣ ሰኞ እነግራታለሁ አለች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ይቺ አፍስሳ መልቀሙም አልሆነላትም። ስም ቢጠፋ ፊደል አጣጣል ይጠፋል? ግማሹ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ለፈተና የሚያጠናው የዚህችኑ ልጅ ደብተር ፎቶ ኮፒ አድርጎ አይደል እንዴ። ሰኞ ጠዋት ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፖስተሩ ሥር መተላለፊያ ጠፍቶ ነበር።

ጉድ በሉ እንግዲህ፤ ማስታወቂያው ሠራ። ለማየት የመጣው ሁሉ እግረ መንገዱን ተመዘገበና ረቡዕ ላይ ዝርዝሩ መቶ ሠላሳ ደረሰ። ዲኑ ደውሎ አመሰገናት። ልጅቱ ግን ወደ ማዕከሉ ድርሽ አላለችም፤ ስልኳንም አታነሳም። እመት ረቂቅ ፖስተሩን ልታወርድ ሁለቴ ወንበር ላይ ወጥታ ሁለቴም ባዶ እጇን ወረደች። ክፍሉ ይቅርብኝ ማለት አቃታት። እኔ እሷን የማልምራት እዚህ ላይ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት እናትየው መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ገቡ። ፊደል እንዳልቆጠሩ አንገታቸውን ደፍተው ነገሯት። «የልጅሽ ጽሑፍ ተሰቅሏል፣ ደግሞም ስለ አንቺ ነው» ያላቸው የግቢው ጥበቃ ነው።

«ሰው ፊት አታናግሪኝ ብዬ ያስጠነቀቅኳት እኔው ነኝ፣ ጓደኞቿ እንዳይንቋት» አሉ። «ይኸው እሷ በአደባባይ እናቴ አለችኝ። እግዜር ይስጥዎ፣ እርስዎ ባያስተምሯት ይህን ወኔ ከየት ታመጣው ነበር?»

እመት ረቂቅ ወንበር ሳበችላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ዛሬ ጠዋት ኮሪደር ላይ አየኋት። ከእንግዲህማ ምን አለ ብዬ በሰው መሐል ልጄ ብዬ ጠራኋት። አልሰማችኝም መሰለኝ፣ ፊቷን አዙራ ሄደች።»

ከዚያ እስቲ ያንብቡልኝ ብለው እጇን ይዘው ወደ በሩ ወሰዷት። ሦስት ተማሪዎች ወረፋ ይጠብቁ ነበር። አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። እመት ረቂቅ ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አደረገች።

«እናቴ በዚህ ግቢ ትሠራለች» አለች። «ባየኋት ቁጥር እኮራለሁ።» እንዲህ የሚል ቃል እዚያ ወረቀት ላይ የለም።

እናትየው በነጠላ ጫማቸው ቆመው ድገሚልኝ አሏት፤ «እርስዎ» ማለቱ እንኳ ጠፍቶባቸው። ደገመችላቸው። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረዋት አሉት፣ አንድም ቃል እንዳያመልጣቸው።

«በቃ፣ ይዤዋለሁ» አሉ መወልወያቸውን እያነሡ። «ማታ ቤት ስትመጣ ቃል በቃል እልላታለሁ። መስማቴን ትወቀው።»

እመት ረቂቅ ልትጠራቸው አፏን ከፈተች። ተማሪዎቹ እያዩዋት ነበር። ዘጋችውና ባለ ተራውን ግባ አለችው።