ከበሩ አለፍ ብሎ

ኤድና ባሏ ክሊፎርድ ከሞተ ወዲህ በእንግሊዝ አገር ፔናይን ተራሮች የጀልባ ቦይ ላይ ጀልባቸውን ስትነዳ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቦዩ ዳገቱን የሚወጣው በደረጃ ነው፤ በየደረጃው ጀልባዋ በሁለት በሮች መካከል ትገባለች፣ ውሃው ሲሞላ ከፍ ብላ ትወጣለች። መሪው ሁልጊዜ የኤድና ነበር፤ ወደ ዳር ወርዶ ከባዱን በር በጀርባው እየገፋ የሚከፍተውና የሚዘጋው ክሊፎርድ። እሷ ከበሩ አለፍ ብላ፣ ዘግቶ እስኪሳፈር ትጠብቀው ነበር።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጥለሽኝ እንዳትሄጂ!" እያለ ይጮህባት ነበር።

"ፍጠን፣ አንተ ቀርፋፋ!" ትለው ነበር።

ዛሬ በሩን የምትገፋው ልጃቸው ጂሊያን ናት።

"ወይ ይሄ እርጉም በር! ወገቤን ቆረጠኝ እኮ!"

"በእጅሽ አይደለም፣ በጀርባሽ ግፊው። አባትሽን አላየሽም?"

ጂሊያን የመጨረሻውን በር ዘግታ ጀልባዋ ላይ ዘለለች። "በቃ እማዬ፣ ንጂው።"

ኤድና አልነዳችም። ሞተሩ እየተንተከተከ፣ ዓይኗ የተዘጋው በር ላይ ቀረ።

"እማዬ፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?"

ኤድና አፏ ላይ የመጣውን ስም ዋጠችው።

"ዝናቡ እስኪያባራ ብዬ ነው" አለች።

ከጠዋት ጀምሮ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም።