የደወል ሠሪው አገር

«ሹካውን አንሺ!» አለች ጎረቤቷ ፓራስካ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በሙት ማዕድ ላይ ሹካ የሚቀርበው የት አገር ነው? ነፍሱን ልትወጊበት ነው?»

ሜላኒያ ደንግጣ ሹካዎቹን ሰበሰበችና ወደ መሳቢያው መለሰቻቸው። ባሏን፣ እናቷን፣ ወንድሟን የቀበረች ሴት ናት፤ ለሙት የሚቀርበው ማንኪያ ብቻ እንደሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ዛሬ ልጇ ኦስታፕ ከሞተ ዘጠነኛ ቀኑ ሲሆን ግን እጇ የሚሠራውን አያውቅም። ማንኪያዎቹን ደረደረች፤ አልጣማትም፤ እንደገና ደረደረች። የስንዴው ንፍሮ ማር አንሶት ይሆን? ወንበሩስ ይበቃ ይሆን?

«ተቀመጪ እስቲ» አለች ፓራስካ። «እንዲህ ስትንደፋደፊ ያየሽ ሰው እኮ ሠርግ የምትደግሺ ይመስለዋል።»

«ሠርጉንማ መቼ አየሁት» አለች ሜላኒያ።

ፓራስካ አፏን በእጇ ያዘች።

በማዕዱ ራስ የኦስታፕ ፎቶ ቆሟል። ከፊቱ አፉ በቁራሽ ጥቁር ዳቦ የተከደነ የቮድካ ብርጭቆ አለ። መስኮቱ ላይ ደግሞ አንድ ኩባያ ውሃና ነጭ ፎጣ ተቀምጧል፤ ነፍስ እስከ አርባው ከቤቷ አትርቅም፣ ሲደክማት መጥታ ትጠጣለች፣ ፊቷን ታብሳለች። ሜላኒያ በየጠዋቱ ኩባያውን ታያለች። ውሃው ትንሽ ይጎድላል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ማሞቂያ ነው የሚያደርቀው። እሷ ግን ማሞቂያው ነው አትልም።

ሴት ልጇ ሶሎሚያ ከወንድሟ ክፍል ብቅ አለች። «እማ፣ እነዚያ ኢንተርኔት ላይ አብረውት የሚጽፉት ዛሬም መልእክት ልከዋል።»

«ምን አሉ?»

«ያው ነው። ቤተሰቡ መሞቱን ካረጋገጠልን ገጹን እንዝጋለት ነው የሚሉት። የሻማ ሥዕል ያደርጉበታል። ከመካከላቸው ሰው ሲሞት እንዲህ ነው ወጋቸው።»

«ከተዘጋ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ ማንም አይጽፍበትም።»

«እሱስ?»

ሶሎሚያ ወደ እናቷ ቀረበች። ቀጥላ «እማ፣ ሰዎቹ ለክብሩ ብለው እኮ ነው። ዛሬ መልስ ልስጣቸው» አለች።

«በዚህ በኩል ውሃ አስቀምጬለት በዚያ በኩል በሩን ልዝጋበት? አይሆንም! ገና የትም አልሄደም ልጄ።»

ኦስታፕ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበር። በዩክሬኗ ኒዢን ከተማ እጁ ያልገባበት ኩሽና ጥቂት ነው፤ የሞተውም በሰው ኩሽና ውስጥ፣ የማቀዝቀዣ በር ከፍቶ እንደተንበረከከ ነው፤ ልቡ ቆመ። አርባ ዓመት አልፎት አላገባም። ማታ ከሥራ ሲመለስ እጁን ታጥቦ፣ የቀይ ሥር ሾርባውን ጠጥቶ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። ማንም ገብቶ የሚጽፍበት፣ ማንም የሚያርመው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት አለ፤ እዚያ በራሱ ስም የተከፈተ ገጽ አለው፤ የአገሩን ታሪክም ይጽፋል።

«ይከፍሏችኋል?» ብላ ጠይቃው ነበር በመጀመሪያው ሰሞን።

«አይከፍሉንም እማ።»

«ምሳስ?»

«ምሳም የለም።»

«ታዲያ ምን ቀረብን ብላችሁ ነው የምትጣሉት?»

የሚጣሉት ስለ አንድ ሰው ነበር። ያረማ ኮቭዛን የሚባል ደወል ሠሪ፤ አጥንቱ ከበሰበሰ ዘመናት ያለፉት። እዚሁ ኒዢን አጠገብ ተወለደ፣ ነሐስ ማቅለጥ እዚሁ ተማረ። በኋላ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት አስጠርቶት ሞስኮ ሄደና እዚያው ሠርቶ እዚያው ሞተ። ኦስታፕ «የዩክሬን ደወል ሠሪ ነበር» ብሎ ይጽፋል። አድሮ ሲያየው «የሩሲያ ደወል ሠሪ ነበር» ይላል። ይመልሰዋል፤ ደግሞ ይቀየርበታል። የሚቀይርበት ሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ራሱን «የኩርስክ ግራጫ» ብሎ የሚጠራ፣ ከድንበሩ ማዶ ያለ ሩሲያዊ። ሜላኒያ ሰውዬውን በሐሳቧ ሥላው ነበር፤ ሽበታም፣ ቦርጫም፣ ጡረታ የወጣ መኮንን። ለፓራስካም እንዲሁ ብላ አውርታላታለች።

«ግራጫው መጣ!» ይልና ኦስታፕ ሻዩን ጥሎ ይሮጣል።

«ይኼ ሰውዬ ሚስት የለውም እንዴ? የሚያስተኛው ሰው የለም?»

«የለውም እማ» ይላል እየሳቀ። ሳቁ ግን የሚገርም ሳቅ ነበር፤ ከተነሳ በኋላ ቶሎ የማይወርድ።

እንግዶቹ ገቡ፤ ቄሱ ጸሎታቸውን ጨርሰው «ዘላለማዊ መታሰቢያ» ተዘመረ። ሰው ሁሉ በማንኪያው ከንፍሮው ቀመሰ። የደረቀ ፖምና ዕንኰይ የተቀቀለበት መጠጥ በየኩባያው ተቀዳ። የማቀዝቀዣ ነገር ተወራ፤ አንዷ ኦስታፕ በፋሲካ ዋዜማ መጥቶ የጠገነላትን እያነሳች አለቀሰች። ሜላኒያ ግን ሐሳቧ ከመጨረሻው ማታ ላይ አልነሳ አላት። የዚያን ዕለት ከሥራ መጥቶ ኮምፒውተሩን ሳይከፍት ቀረ። «ታግጃለሁ እማ» አላት። «በአንድ ቀን ከሦስት ጊዜ በላይ የሰው እርማት ወደ ነበረበት የመለሰ ይታገዳል፤ ሕግ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያንቺ ነኝ።» ከዚያ ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ የጠነከረ የዛፍ ለውዝ በከረጢት አምጥቶ ወለሉ ላይ አፈሰሰው። እሱ በመዶሻ ይሰብራል፣ እሷ ትለቅማለች። የአባቱን ነገር አወሩ፤ አባቱ አሣ ላጠምድ ብሎ ጫማውን ለወንዙ ሰጥቶ የመጣበትን ቀን አንስተው እስኪያማቸው ሳቁ። በማግሥቱ ወደዚያ ኩሽና ሄደ።

እንግዶቹ መበታተን ሲጀምሩ በሩ ተንኳኳ። አንዲት ሴት ቆማለች። ዕድሜዋ ከኦስታፕ ብዙም አይርቅም፤ ፊቷ የመንገድ ድካም አለበት። የያዘችው አበባ በአገሩ ወግ ለሙት እንደሚሰጠው ቁጥሩ ጥንድ ነው።

«ይቅርታ፤ ቤቱ ይኼ ነው?» አለች፣ በሩሲያኛ።

ፓራስካ በሜላኒያ ጆሮ «ከወዲያ ናት፤ አነጋገሯን ስሚው» አለች፤ ሹክሹክታዋ ግን ቤቱን ሞላው። «የእህቴ ልጅ ምሥራቅ ግንባር ምሽግ ውስጥ ተኝቷል፤ እኛ እዚህ ንፍሮ ልናበላቸው ነው?»

«ኢራይዳ እባላለሁ» አለች ሴትዮዋ። «ከኩርስክ ነው የመጣሁት። ከኦስታፕ ጋር... እንጻጻፍ ነበር።»

ሶሎሚያ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ሰሞኑን ግራጫው በወንድሟ ገጽ ላይ መልእክት ትቶ ነበር፤ «ቅጣትህ አልቋል እኮ፤ ምነው ዝም አልክ? ደወል ሠሪውን ለእኔ ሰጠኸኝ ማለት ነው?» የሚል። እሷም በንዴት «ወንድሜ ሞቷል፤ ደስ ይበልህ» ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወዲህ ግራጫው ትንፍሽ አላለም።

«ከኩርስክ? ግራጫውን ታውቂዋለሽ?»

«ግራጫው እኔ ነኝ።»



«ይኼ ነው ቦርጫሙ መኮንን?» አለች ፓራስካ።

ሜላኒያ ተነሳች። የልጇ ሳቅ በጆሮዋ መጣባት፤ «የለውም እማ።»  ከመደዳው አንድ ማንኪያ አንስታ ለሴትዮዋ ሰጠቻት። «ግቢ። መጀመሪያ ቅመሽ።»

ኢራይዳ ሳትቀመጥ ንፍሮውን ቀመሰች። «ድንበሩ ላይ ግማሽ ቀን አቆሙኝ» አለች፣ እንደ ማፈር ብላ። «አሁን የሩሲያ ወንድ አያሳልፉም አሉ። ሴት መሆኔ የጠቀመኝ ዛሬ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ፓራስካ ካፖርቷን ለበሰችና «ሜላኒያ፣ ቤትሽ ነው፣ የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ» ብላ ወጣች፤ የወጣችው ግን እስከ ኮሪደሩ ድረስ ብቻ ነበር።

ሜላኒያ ኢራይዳን ወደ ልጇ ክፍል አስገባቻት። ሶሎሚያ ተከተለች። ኢራይዳ ዙሪያውን አየች፤ መጻሕፍቱን፣ የጥገና ዕቃውን፣ አልጋውን። አንዱንም አልነካችም።

«ሴት መሆንሽን ያውቅ ነበር?» አለች ሜላኒያ።

«ገና ከጅምሩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ቢነግርዎት ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ፤ በማግሥቱ ኩርስክ ነበርኩ።»

«ለዚህ ነዋ ያልነገረዎት።»

ሜላኒያ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዕንባ ሆኖ መጣ። በመሐረቧ ጫፍ አበሰችው። «ተገናኝታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ኪየቭ ላይ ልንገናኝ ቀን ቆርጠን ነበር። ከዚያ ምሥራቁ ላይ ጦርነቱ ተነሳ። እሱ አሁን ከሩሲያ ሰው ጋር ተቀምጬ ሻይ አልጠጣም አለኝ። እኔም ተናደድኩ፤ ለራስህ ቅርብህ አልኩት። ለወራት ተዘጋጋን።» ኢራይዳ ጣቶቿን አቆላለፈች። «አንድ ቀን አላስችል ሲለኝ ደወል ሠሪውን ሩሲያዊ አደረግኩት። ወዲያው መለሰው። ቀየርኩት፤ መለሰው። እንዴት ነህ፣ ደህና ነሽ ወይ መባባል አልቻልንም። ያንን ግን ቻልን።»

«አንዱ ቢረታስ?»

«ሌሎቹ አራሚዎች ሊያስታርቁን ሞክረው ነበር። ዩክሬን ተወልዶ ሩሲያ የሠራ ይባል አሉ። ደግ ሐሳብ ነበር። ሁለታችንም እምቢ አልን።»

«ምነው?»

«ከታረቅን በኋላ በምን ሰበብ እንጻጻፍ?»

ከኮሪደሩ የፓራስካ ትንፋሽ ተሰማ። ሶሎሚያ ወንድሟን አሁን ገና እንዳየችው ሁሉ ግድግዳው ላይ ዓይኗን ተክላ ቆመች።

«ሌላም ነገር አለ» አለች ኢራይዳ።  «ያሳገድኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን አራት ጊዜ መለሰብኝና ከሰስኩት። እሱም አምና ከሶኛል፤ ቀልዳችን ነበር። ዝም ሲል ቅጣቱን እየጨረሰ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ የእሱን አፍ አዘግቼ እሱ...»

ሜላኒያ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆየች። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«አንቺ ነሻ የዚያን ማታ ወደ እኔ የላክሽው?»

«የቱን ማታ?»

«ታግጃለሁ ብሎ ሲያመሽ ከእኔ ጋር ለውዝ ሰበረ። ስንት ዓመት ጀርባውን ብቻ ነበር የማየው። የዚያን ማታ ፊቱን አየሁት።» የኢራይዳን እጅ ያዘች። «እግዜር ይስጥሽ። እንዲህ ይባላል እንግዲህ፤ ሌላ ምን እላለሁ።»

ሁለቱም አለቀሱ። ሶሎሚያ ኩባያዎቹን ለመሙላት ሰበብ አድርጋ ወጥታ ተመለሰች።

ሲረጋጉ ሜላኒያ ያስጨነቃትን ነገር አወጣች። ገጹን ሊዘጉበት እንደሆነ፣ እሷ ደግሞ በሩን መዝጋት እንዳልሆነላት ነገረቻት።

ኢራይዳ አሰበች። «ይዝጉት እማማ። እሱ እዚያ ገጽ ላይ ኖሮ አያውቅም። እዚያ ስሙ ብቻ ነው ያለው፤ ይከበርለት። የኖረው ደወል ሠሪው ጋ ነው። ያ አይዘጋም፤ ማንም ገብቶ ይጽፍበታል።»

«አይዘጋም?»

«አይዘጋም።»

ሜላኒያ ረዥም ትንፋሽ አወጣች። «እንግዲያው መልስ ስጪያቸው» አለቻት ለሶሎሚያ። «ሞቷል በያቸው።» ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በአፏ አወጣችው። ቀጥላ ወደ ኢራይዳ ዞረች። «ደወል ሠሪው አሁን ምን ይላል?»

ኢራይዳ ፊቷ ፈካ አለ፤ ያመጣችውን ስጦታ የምትሰጥበት ጊዜ ደርሷል። ኮምፒውተሩን ከፍታ፣ እንደቆመች ገጹን አሳየቻት። «የዩክሬን ደወል ሠሪ ነበር» ይላል። «ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የእሱን ቃል መለስኩለት። ከእንግዲህ አልነካውም። ለእሱ ትቼዋለሁ።»

«ተመስገን!» አለች ፓራስካ ከኮሪደሩ፣ ራሷን መግታት አቅቷት።

ሜላኒያ ግን አልተደሰተችም። ጽሑፉን ደጋግማ አነበበች። የልጇ ቃል ነው፤ እውነቱም እሱ እንደሆነ አትጠራጠርም። ግን እንደዚያ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ሲያዩት፣ የተነጠፈ አልጋ ይመስላል።

«አጥፊው» አለች።

«ምን?»

«የራስሽን መልሺ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ለእሱ ብዬ...»

«እሱ ሻዩን ጥሎ የሚሮጠው ያንቺ ቃል ሲመጣ ነበር። የራሱ ቃል በሰላም ከተቀመጠማ ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

«ሜላኒያ! አበድሽ?» አለች ፓራስካ በሩ ላይ ቆማ። «በገዛ ልጅሽ ተዝካር?»

«እስከ አርባው ብቻ ነው ፓራስካ። በአርባው እኔ ራሴ እመልሰዋለሁ፤ ሶሎሚያ ታሳየኛለች።» ከዚያ ለኢራይዳ፣ ልጆቿን ዝናብ ሳይመታችሁ ግቡ በምትልበት ድምፅ፣ «ሰው ቢቀይርብሽ መልሺው። ከሦስት ጊዜ በላይ ግን እንዳትመልሺ፤ ያግዱሻል» አለቻት።

ኢራይዳ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ቁልፍ ሰሌዳው አጎነበሰች። ጣቶቿ መንገዱን ያውቁታል። አንዷ ቃል ጠፋች፤ ሌላዋ ገባች። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።

ሜላኒያ የኦስታፕን ወንበር ከጠረጴዛው ሥር ሳበችው። የልጇ ረዣዥም እግሮች እንዲገቡ፣ ትንሽ ጨምራ ሳበችው። ከዚያ ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቁት ወደ ግድግዳው ተጠጋች።