ሰማያዊዋ ክር

ባለቤቴ መሪጌታ ጥዑመ ከአያታቸው የወረሱትን፣ በብራና ሳይሆን በድሮ ወረቀት የተጻፈ መጽሐፍ ጠዋት ጠዋት ሳይሳለሙ ከቤት አይወጡም። አንድ ጊዜ በአሮጌዋ ሰማያዊ ቀሚሴ ብጠቀልለው «መጽሐፍ በእራፊ አይነካም!» ብለው ወረወሯት። እኔም አልረሳሁላቸውም።

በ2008 ማሪቱ የምትባል የወረቀት ተመራማሪ መጽሐፉን ልታይ ከአዲስ አበባ ሰበታ መጣች። በማግሥቱ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዱ ተዘጋና እኛው ቤት ሰነበተች። ማይክሮስኮፗን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ ከአንድ የተቀደደ ገጽ የረገፈች ብናኝ ስትመረምር ዋለች።

በሦስተኛው ቀን «መሪጌታ፣ ይምጡ ይዩ» አለች። «ሰማያዊ ክር አለበት። ድሮ በውጭ አገር ወረቀት የሚሠራው ያረጀ ልብስ ተቀጥቅጦ ነበር። ይሄም የሆነ ሰው ቀሚስ ነበረ ማለት ነው።»

መሪጌታ ወደ ማይክሮስኮፑ አጎንብሰው አዩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቅ ነው። «አርባ ዓመት እራፊ ስሳለም!» አሉና ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቦሰና፣ ያቺ ቀሚስሽ አለች?» አሉኝ።

«ወለል እወለውልባታለሁ።»

«አጥበሽ ብታመጪያት...»

«ራስዎ ይጠቧት!»

መንገድ ተዘግቶ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ነበር። መሪጌታ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሰው እያየ፣ ቀሚሴን አጠቡ።

ዛሬ መጽሐፉን የጠቀለለችው ቀሚሴ ናት፤ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚሳለሙት እሷን ነው።